ግራ ክንፍ

መርማሪው መቶ አለቃ ደብተሩን ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ዘርግቶ፣ ጣቱን ምራቅ እያስነካ ይገልጥ ነበር። የደብተሩ ባለቤት ልብስ ሰፊው ፊት ለፊቱ ቆሟል። ደብተሩ የነቀምቴን የኳስ ቡድን የአሥር ዓመት ጨዋታ ይዟል፤ አርጆን በሜዳዋ ሦስት ለባዶ የረቱበትን ዝናባማ እሑድ፣ በጊምቢ ተሸንፈው ልብስ ሰፊው እንደ ሕፃን ያለቀሰበትን ቀን፣ ሁሉንም በገዛ እጁ ጽፎታል።

የመቶ አለቃው ጣት አንድ መስመር ላይ ቆመ።

"ግራ ክንፍ፣ ባይሳ። ግራ ክንፍ፣ አዱኛ። ለመሆኑ ስንት ናችሁ?"

"ጎፍታ ኮ!" በድንጋጤ ኦሮምኛው አመለጠው። "ጌታዬ፣ ኳስ እኮ ነው! በግራ በኩል የሚሮጠውን ነው ግራ ክንፍ የምንለው።"

"መንግሥትን የሚያውኩት ተማሪዎችም ራሳቸውን ግራ ክንፍ ነው የሚሉት። ኳሱ ጥሩ መሸፈኛ ነው።"

ልብስ ሰፊው አሥር ዓመት ሙሉ ያንን ደብተር አንድ ሰው ከልቡ እንዲያነብለት ሲመኝ ኖሯል። መቶ አለቃው አሁን አንድ ቃል ሳይዘል፣ ጮክ ብሎ፣ ጥግ ተቀምጦ ለሚመዘግበው ጸሐፊ ስም በስም ያነብ ጀመር። አንድ ገጽ ብቻ ቀረው። እዚያ ላይ፣ በኩራት በቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ የዘንድሮው ግራ ክንፍ፣ የልብስ ሰፊው የራሱ ልጅ ስም አለ።