ከዋሻው ወዲህ

ከኤርዙሩም ወደ አንካራ የሚሄደው ባቡር አንዲት ትንሽ የተራራ ጣቢያ ላይ ቆመ። በረዶው ፋታ አልሰጠም። የጣቢያው ሹም ዱርሙሽ ትከሻውን እያራገፈ ገባና ከፊት ባለው ዋሻ አፍ ላይ ናዳ እንደወረደ፣ የቴሌግራፉ ሽቦም እንደተበጠሰ ተናገረ።

ታህሲን ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወጣት ባልደረባ ነው። ዓለም በጦርነት ስትነድ ቱርክ ከጀርመንም ከእንግሊዝም ሳትወግን ትንፋሿን ውጣ ተቀምጣለች። አሁን ግን የሁለቱም መልእክተኞች በዚህ ባቡር ላይ ናቸው። እንግሊዛዊው ፔልሃም ከፊት፣ ጀርመናዊው ሬሽኬ ከኋላ። አንዱ የሌላውን መኖር አያውቅም።

ሁለቱም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ፍለጋ ኤርዙሩም ድረስ መጥተው ነበር። ሚኒስትሩ ለየብቻ ጠርቶ፣ "ዓርብ አንካራ ላይ መልሴን ይሰማሉ" ብሎ ሸኛቸው። ፔልሃም የአየር ማረፊያዎችን ይፈልጋል፤ ሬሽኬ ለሠራዊቱ ማለፊያ መንገድ። ዓርብ ሁለቱም መንግሥታት ለመልሱ የሰጡት የመጨረሻ ቀን ናት። ለአንዱ እሺ ማለት ኢስታንቡልን በሌላው ቦምብ ማስደብደብ ነው፤ ለሁለቱም እምቢ ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ።

ታህሲን የራሱም ጭንቀት ነበረው። ሚስቱ ሱሄይላ አንካራ ውስጥ መውለጃዋ ደርሷል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። "በዚህኛው እንኳ ከጎኔ አትጥፋ" ብላ አስምላው ነበር የሸኘችው።

"ጌታዬ፣ አንድ ነገር ያድርጉ እንጂ!" አለ አለቃውን።

አለቃው ሩክነዲን ቤይ ጡረታ የተቃረቡ፣ ሪህ የሚያሠቃያቸው ሽማግሌ ናቸው። ብርድ ልብስ ተከናንበው ሻያቸውን ፉት አሉ።

"ምን ላድርግ ልጄ? አካፋ ይዤ ልውረድ?"

"ወታደር እናስጠራ!"

"በምን? ሽቦው ተበጥሷል እየተባለ።" ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደግሞ ሽቦ በበረዶ ብቻ ይበጠሳል? የሬሽኬን ጸሐፊ ልብ ብለኸዋል? ዓይንህን ከእሱ ላይ እንዳትነቅል።"

ታህሲን አልነቀለም። ጸሐፊው ሲበላ አየው፣ ሲያዛጋ አየው። አንድ ጊዜ በረዶውን እየጣሰ ወደ ቴሌግራፉ ምሰሶ ሲሄድ አየውና ተከትሎ ሮጠ።

"እዚህ ምን ትሠራለህ?" ብሎ ክንዱን ያዘው።

ሰውየው ሱሪውን እየቆለፈ ነበር። "ለዚህም ፈቃድ ያስፈልጋል?" አለ።

ታህሲን አፍሮ ተመለሰ፤ ጥርጣሬው ግን አልለቀቀውም። በሁለቱ ፉርጎዎች መካከል መመላለሱን ቀጠለ።

"ከኋላ ያሉት እነማን ናቸው?" ይለዋል ፔልሃም።

"የትምባሆ ነጋዴዎች ናቸው።"

"ከፊት ያሉትስ?" ይለዋል ሬሽኬ።

"ኩፍኝ የያዛቸው መምህራን ናቸው። ባይጠጓቸው ይሻላል።"

ሐሙስ ዕለት ዱርሙሽ ሌላ መርዶ ይዞ መጣ። ከሰሉ ማለቁ ነው፤ ከእንግዲህ የሚሞቀው የመመገቢያው ፉርጎ ብቻ ነው። ታህሲን ሁለቱን እንዳያገናኟቸው ሩክነዲን ቤይን ለመናቸው፤ ሽማግሌው ግን እጃቸውን ዘረጉ። "ሰው በብርድ ይሙት ወይ? ጥራቸው።"

ሁለቱ መልእክተኞች በሁለቱ በሮች ገቡ። ተያዩ። የፔልሃም ፊት ቲማቲም መሰለ።

"ይሄ ነው የትምባሆ ነጋዴው?"

"ኩፍኙስ የት አለ?" አለ ሬሽኬ።

ታህሲን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ኢስታንቡል ዓይኑ ሥር ስትቃጠል ታየችው። ከዚያ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ፔልሃም ሬሽኬን ከእግር እስከ ራሱ ቃኘውና ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ። ሬሽኬም ወንበር ሳበ። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነው፦ ተቀናቃኜም አንካራ አልደረሰም። ሩክነዲን ቤይ የምስር ሾርባ አዘዙ፣ የታቭላ መጫወቻ ገበታቸውን ዘረጉና "ማን ነው መጀመሪያ የሚሸነፈው?" አሉ።

ታህሲን ሊያብድ ደረሰ። "ጌታዬ፣ ዋሻውን በእግሬ ልሻገር። ከሚቀጥለው ጣቢያ ቴሌግራፍ እመታለሁ። የሱሄይላንም ወሬ እሰማለሁ።"

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። "ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል! በረዶ ቢበላህ ለሚስትህ ምን ብዬ ልንገራት?" ከዚያ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ። "አውቃለሁ ልጄ። አውቃለሁ።"

ዓርብ መጣች፣ ዓርብ ሄደች። ታህሲን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ። ሚስቱ እያማጠች ይሆን? ወልዳ ይሆን? ሞታ ይሆን? መስታወቱ ላይ ካለው ውርጭ በቀር የሚመልስለት አልነበረም።

ከኋላው መልእክተኞቹ ይነጋገሩ ነበር። ማንም አጥፊ የለም፤ በረዶ ነው፣ አንዱ ለሌላው ይመሰክራል። እምቢ ያለ የለም፣ እሺ ያለም የለም። ስለዚህ አዲስ ቀጠሮ ይያዝ። ለጸደይ ቢሆን ይሻላል አለ ፔልሃም። ሬሽኬም ራሱን ነቀነቀ። ሩክነዲን ቤይ በጣም እንዳዘኑ ነገሯቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከረባታቸውን አስረው ተቀመጡ። ታህሲን ዋሻውን ተደብቆ ሊሻገር ቆርጦ የጫማውን ማሰሪያ እያጠበቀ ነበር። ዱርሙሽ በሩን አንኳኩቶ ገባና ለሩክነዲን ቤይ እጅ ነሣ።

"ጌታዬ፣ ናዳ ወርዷል ብለን ከዋሻው ወዲያ እንድናስቆማቸው ያዘዙን ባቡሮች ተሳፋሪዎች አላስቀምጥ ብለውናል፤ ይበቃል ካሉን መንገዱን ልልቀቅላቸው?"