ሃምሳ ጎራሹ

ቨርል ኮምብስ ማክሰኞ ጧት የዴልመርን ጠመንጃ መሸጫ በር ሲገፋ በብብቱ የሚስቱን የወጥ ቤት ሚዛን ይዞ ነበር።

«ከበሮ ካዝና አሳየኝ» አለ። «ለሃያ ሁለት ካሊበሯ ጠመንጃ የሚሆነውን። ያለህን ሁሉ።»

ዴልመር ሳቁን ዋጥ አድርጎ አራት ድቡልቡል የጥይት ካዝናዎች ባንኮኒው ላይ ደረደረ። ቨርል ጠመንጃ እንደሌለው ስላት ፎርክ መንደር ውስጥ የማያውቅ የለም። የነበረችው አንዲት ናት፤ የአባቱ። እሷንም ይሠራበት የነበረው የከሰል ማዕድን በተዘጋበት ክረምት ሸጧታል። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችበትን ሚስማር ሳይነቅል ስድስት ዓመት ኖሯል። የገዛት ሰው ዘንድሮ ሲሞት ሚስቱ ጠመንጃዋን ለመንደሩ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ሰጠች። እነሱም ቅዳሜ ምሳ አብልተው ለሽልማት ሊያቀርቧት ነው።

ደንቡ አጭር ነው። ጠመንጃዋ ከነከበሮ ካዝናዋ አዳራሹ ውስጥ በመስተዋት ሣጥን ተቆልፎባታል። መንካት አይቻልም። አምስት ዶላር የከፈለ አንድ ወረቀት ይወስድና ካዝናው ውስጥ ስንት ጥይት እንዳለ ይጽፋል። ለትክክለኛው ቁጥር የቀረበ ይወስዳታል። ለአንድ ሰው አንድ ግምት።

«ይሄኛው መስኮት አለው» አለ ዴልመር። «ስንት እንደቀረህ ታያለህ።»

«ሣጥኑ ውስጥ ያለው መስኮት የለውም። ጀርባው ላይ አራት ብሎን ነው ያለው።»

«እንግዲያው ይሄ ነው፤ ሃምሳ ጎራሽ። ያ ትልቁ መቶ አስር ይጎርሳል፤ ግን እሱን ተሸክመህ ከምትተኩስ አማትህን ተሸክመህ ብትተኩስ ይቀልሃል።»

«እውነት ሃምሳ ይጎርሳል?»

«መጉረሱንማ ይጎርሳል፤ ችግሩ መዋጡ ላይ ነው። አርባ ሰባት ስትደርስ የውስጡ ሞላ፣ ስፕሪንጉ፣ ማቃሰት ይጀምራል። አዋቂ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል።»

ቨርል አራቱንም መዘነ። ፕላስቲኩን ከብረቱ፣ በቁልፍ የሚዘወረውን ከማይዘወረው አስተያየ። ጆሮው ላይ አስጠግቶ ነቀነቀ። በመጨረሻ ባለአራት ብሎኑን ከአንድ ሣጥን ጥይት ጋር ገዛ።

«ሮስኮም ትናንት ይህንኑ ነው የወሰደው» አለ ዴልመር መልስ እየቆጠረለት። «እሱ እንኳ ሚዛን አላመጣም።»

ሮስኮ የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ የታልማጅ አማች ነው። ቨርል ቤቱ እስኪደርስ ሌላ ነገር አላሰበም።

አራት ቀን ሙሉ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዞ ካዝናውን ሲሞላና ሲያራግፍ ሰነበተ። አውራ ጣቱ ጠቆረ። አርባ ስምንተኛዋ ጥይት አንድ ጊዜ ትገባለች፣ አንድ ጊዜ ትሰነቀራለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳህን የማስቀምጥበት ቦታ ትተውልኛለህ?» አለች ሚስቱ ኢማ ጂን።

«እኔ አርባ ሰባት እጽፋለሁ። አንቺ አርባ ስምንት ጻፊ። በሁለት በኩል እንይዘዋለን።»

«አራት ቀን ካዝናውን አጠናህ። እኔ ብሆን ታልማጅን ነበር የማጠናው።»

«እኔም የጠረጠርኩት እሱን ነው» አለ ቨርል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኢማ ጂን ቀና ብላ አየችውና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ቅዳሜ ታልማጅ የቡና ቆርቆሮ ይዞ የአዳራሹ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከራሱ በላይ ኢማ ጂን በቀይ ቀለም የጻፈችው ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ጥይት ከዚህ በር አያልፍም»። የአንድ እንግዳ ሽጉጥ ባርቆ የባቄላውን ድስት ከበሳበት ዓመት ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። ሸሪፉ እንኳ የጥይት ቀበቶውን አራግፎ ነው የገባው።

ከቨርል ኪስ ሰባት ጥይት ወጥቶ ቆርቆሮው ውስጥ ገባ።

«ሌላስ?»

«አለቀ።»

«ኮፍያህን አንሳ።»

ቨርል ኮፍያውን አነሳ። ምንም የለም። ታልማጅ ቆርቆሮውን አንኳኩቶ አሳለፈው።

ውስጥ ሮስኮ ወረቀቱን እያጣጠፈ ጠበቀው። «አውራ ጣትህ ምን ሆነ፣ ቨርል? በር ቀረቀረህ?»

«ያንተ አለመጥቆሩ ነው የሚገርመው። የሚነግርህ ሰው እያለህ ምን ያደክምሃል።»

«አማቼ እንኳን ጥይት ሰዓትም አይነግረኝም» አለ ሮስኮ እየሳቀ።

ቨርል 47 ብሎ ጽፎ ወረቀቱን የግምቶቹ ሣጥን ውስጥ ከተተ። ዞር ሲል ኢማ ጂን ወረቀቷ ላይ አንድ ድቡልቡል ነገር ስላ ስታጥፍ አያት።

«ቁጥር ነው የተባልነው» አላት በሹክሹክታ። «የካዝና ሥዕል አይደለም።»

«ተወኝ እስቲ» ብላ ወረቀቷን እዚያው የግምት ሣጥን ውስጥ ጣለች።

የቤቱ አንድ ግምት እንዲሁ ባከነ። ቨርል የባቄላ ሾርባውን ገፋ አደረገ። ታልማጅ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሲያነብ ሮስኮን በዓይኑ ፈለገውና ፈገግ አለ። ቨርል ይህንንም አየ፤ የበቆሎ ዳቦውን እጁ ውስጥ ፈረፈረው።

«እንግዲህ» አለ ታልማጅ ተነስቶ። «ሮስኮ ሃምሳ። ቨርል አርባ ሰባት። ሸሪፉ ሠላሳ ሁለት። ጠመንጃዋን የወሰደችው ኢማ ጂን ኮምብስ ናት።»

ሁሉም ወደ ኢማ ጂን ዞረ።

«ተከፍቶ ይቆጠርልን» አለ ሮስኮ።

«ይቆጠር» አለ ቨርልም፤ ከሮስኮ ጋር በአንድ ነገር ሲስማማ የመጀመሪያው ነበር።

ኢማ ጂን ዳቦዋን ታኝካለች። ታልማጅ መስተዋቱን ከፈተ፣ ካዝናውን ከጠመንጃዋ አላቀቀ፣ አራቱን ብሎኖች ፈታ፤ ከዚያ ጀርባውን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው።

የወደቀ ነገር አልነበረም።