የጽሑፍ ማስረጃ

ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የከተማዋን የውሃ ፓምፖች ስትጠግን የኖረችው እልፍነሽ፣ የክፍል ኃላፊነት እድገት ለአራተኛ ጊዜ ጠይቃ ኮሚቴው ፊት ቀረበች።

«ሙያሽን አንክድም» አለ ሰብሳቢው ኢንጂነር ዳምጠው። «ግን መመሪያው ዲግሪ ይላል።»

«ባለዲግሪዎቹን ሥራ የማስተምረው እኔ ነኝ!»

«በአፍ አይሆንም። የጽሑፍ ማስረጃ ካለሽ አምጪ።»

እልፍነሽ ከቦርሳዋ አንድ ጥራዝ አውጥታ ለኮሚቴው ጸሐፊ ሰጠቻት። «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

ጸሐፊዋ የምስጋናውን ገጽ ገልጣ አነበበች። «ይህን የዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስሠራ፣ የፓምፕ ሥራን ከሀ እስከ ፐ ላስተማረችኝ ለቴክኒሻን እልፍነሽ ተድላ ምስጋናዬ የላቀ ነው።»

«የማን ጽሑፍ ነው?» አለ አንዱ አባል።

ጸሐፊዋ ሽፋኑን አየችና ቀና ብላ ሰብሳቢውን ተመለከተች።

«የኢንጂነር ዳምጠው።»