ረጅሟን ጡብ ስትጠብቅ

«ሲስተም የለም፤ ትንሽ ታገሱ» ብላ ባለጉዳዮቹን ካስቀመጠች በኋላ፣ የመስኮት ሦስት ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯ ላይ የሚወርዱትን የጌም ጡቦች መደርደሯን ቀጠለች። የኃላፊዋን ሪከርድ ለመስበር ስምንት መቶ ነጥብ ይቀራታል። አንድ አንድ ረድፍ ብትሞላ የምታገኘው መቶ መቶ ነው፤ አራት ረድፍ በአንዴ ሞልታ ካጠፋች ግን ስምንት መቶው የሷ ነው። ስለዚህ ዳር ላይ ቀዳዳ ትታ ረጅሟን ጡብ ትጠብቃለች። ክምሩ ጣሪያ ሊነካ ሲል ረጅሟ ከች አለች! አቁማ ቀዳዳው ውስጥ ለቀቀቻት፤ አራቱም ረድፍ ድራሹ ጠፋ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ደንግጣ ቀና ስትል፣ የወረፋ ቁጥር የሚታይበት የግድግዳው ቴሌቪዥን የሷን ጡቦች ያወርዳል።

መስኮቷን ተደግፈው የቆሙ አዛውንት «እሰይ፣ የኔ ልጅ!» አሏት። «በይ ሲስተሙ እስኪመጣ አንዴ ድገሚልን።»