የኋላ ጎማ

ለሽንት ገባ ካለችበት ጫካ ስትመለስ ባሏ ሰርፀ ብስክሌቷ ሥር ተንበርክኮ፣ የኋላ ጎማዋን ቫልቭ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየሩን ሲያስወጣ አየችው። ኮቴዋን ሲሰማ እጁን ሰበሰበ።

«ጎማሽ ፍላት ሆኗል» አላት ቀና ሳይል። «ቁጭ በይ፣ ምን ያስቸኩለናል?»

ሌላ ጊዜ ጠጠር መንገዱ ላይ ጥሏት ይሄድና ረግረጉ ጋ ሲደርስ ነበር ዞሮ የሚያያት። ዛሬ ዳገቱን ሁሉ ከጎኗ ሳይለይ ወጣ። ስልኳንም ጠዋት «ፎቶ ላንሳሽ» ብሎ ተቀብሏት እስካሁን ኪሱ ውስጥ ነው።

ያን ጊዜ ገባት። አምና እናቱ ጎንደር ሲያርፉ፣ ኦክላንድ ያለው ቤታቸው ለመርዶው ሰው እስኪሰበሰብበት እዚሁ ረግረግ ዳር ስታዞረው የዋለችው እሷ ነበረች። እንዳይጠረጥር እያሳቀችው። «እናቴ ሞታ አሳቅሽኝ፤ እኔ ይሄን ለጠላቴም አላደርገው» ብሎ ስንት ሳምንት ፊቱን አዞረባት።

ኪሱ ውስጥ ስልክ ነዘረ። የራሱን አውጥቶ አየት አደረገና ፓምፑን አንስቶ ጎማውን ይነፋ ጀመር። ሲጨርስ «በቃ፣ ቀስ እያልን ወደ ቤት እንሂድ የኔ እናት» አላት። እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ አናግሯት አያውቅም፤ ጠላችው።

«እማዬ ናት ወይስ አባዬ?» የሚለው አፏ ድረስ መጣና ዋጠችው። ጎንበስ ብላ ቫልቩን በአውራ ጣቷ ተጫነች። አየሩ ፉሽ እያለ ወጥቶ እስኪያልቅ አይን አይኑን እያየች አልለቀቀችም።

«ፍላት ነው» አለችው። «ደግመህ ንፋው።»