ቀና እንዳትዪ

ጠዋት የሞተው ሰውዬ ከምሳ በኋላ ቁርስ ሊበላ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።

እትዬ ጥቁሩን ልብስ አውልቃ አበባማውን ቀሚስ ከለበሰች ገና መቀነቷ እንኳ አልጠበቀም። ሜካፕ የምትሠራላት ልጅ ያበጠ ዓይኗን በበረዶ ስታሸላት ቆይታ፣ "አሁን እንግዲህ ባለትዳር ነዎት፣ ሐዘኑን ይርሱት" ብላ ልካታለች። ድራማ እንደ ታሪኩ አካሄድ አይቀረጽም። ለቀስተኛ የሚሆኑት ሰዎች የተገኙት ጠዋት ስለነበር ለቅሶው ቀደመ፤ አሁን ደግሞ ሟቹ ከቤቱ የሚወጣበት የመጨረሻው ማለዳ ተራው ደርሷል። ስትኖርበት የኖረችው ሥራ ነው፤ እንደ ዛሬ ግን ተምታቶባት አያውቅም። ሚስት ትሁን ባሏ የሞተባት፣ ራሷም አታውቀውም።

የአንድ ሰፈር ሰዎችን ኑሮ የሚያሳየው ይህ ተከታታይ ድራማ ሲጀመር ፀጉሯ ላይ አንድ ሽበት አልነበረም። እሱ የአውቶቡስ ሹፌር፣ እሷ ሚስቱ። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነው፣ ስቱዲዮ እንኳ የሚመጣው በታክሲ ነው፤ አገር ምድሩ ግን ሹፌሩ ነው የሚለው፣ የእውነት ሚስቱ ሳትቀር። እሷንም ትልቁም ትንሹም እትዬ ይላታል። የእውነት ባሏን በቀበረች ሰሞን መንገድ ላይ የሚያገኟት ሰዎች ያሏት፣ "ሹፌሩ ደህና ነው?" ነበር። ደህና ነው እያለች አለፈች።

ሹፌሩ ሊሞት መሆኑን ማንም አልነገራትም። ምስጢር እንዳይወጣ ጽሑፉ የሚታደለው በዕለቱ ነው። ያወቀችው ዛሬ ማለዳ ልብስ ክፍል ገብታ፣ ጥቁሩ ልብስ ለእሷ ተሰቅሎ ስታየው ነው።

"እነሱ ናቸው ያስወጡህ?" ትለዋለች፣ ድምፅ የሚቀዳው ልጅ ሽቦ ሊያመጣ ሲሄድ ጠብቃ። ካውያ ይዛ፣ በትዕይንቱ የምትተኩሰው ሸሚዝ ኮሌታ ላይ አጎንብሳለች።

"ራሴ ነኝ የጠየቅኩት።"

"ምን ጎድሎብህ?"

"አንቺ ደግሞ! እንደማታውቂ ትሆኛለሽ?"

ታውቃለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ቃል ከአፉ ይጠፋበታል። መጀመሪያ ሊያስቃት መስሏት ስቃለታለች፤ ያንን ስታስታውስ ዛሬም ታፍራለች። ከዚያ ሳይነጋገሩ አንድ ዘዴ አበጁ፤ ሲጠፋበት ፊቷን ያያል፣ እሷም ያለ ድምፅ በከንፈሯ ታቀብለዋለች። ተመልካቹ ደግሞ፣ "ፍቅር ማለት እንዲህ ነው! ዓይኑን ከሷ ላይ አይነቅልም እኮ!" ይላል።

"ተዘጋጁ!" ይላል ዳይሬክተሩ።

በትዕይንቱ ሚስት ባሏን አኩርፋዋለች። ልብስ ትተኩሳለች፣ አታየውም። እሱ ሻዩን ጨርሶ ይነሳና በሩ ጋ ደርሶ፣ "ማታ እንዳትጠብቂኝ፣ እራትሽን ብዪ" ብሏት ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ለቅሶው ነው።

ሹፌሩ ይነሳል። በሩ ጋ ይቆማል። ቃሉ አይመጣም። እትዬ ዓይኑ ግንባሯ ላይ ሲያርፍ ይሰማታል፤ ቀና ትልና ታቀብለዋለች። እሱም አሳምሮ ይለዋል።

"ካት! እትዬ፣ ኩርፊያ ላይ ነዎት እኮ። እንደሚሞት አያውቁም። ቀና አይበሉ።"

"ይቅርታ የኔ ልጅ፣ የጠዋቱ ለቅሶ አልለቀቀኝም።"

ይደግሙታል። አሁንም ዝም ይላል፣ አሁንም ቀና ትላለች። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ያሻል። አክባሪ ልጅ ነው፣ ትዕግስቱ ግን እያለቀ ነው። እትዬ ምን ትበለው? ያለ እኔ መናገር አይችልም ብትል፣ ወሬው ከዚህ ክፍል ሳይወጣ አያመሽም። የሰውየው ስም በመጨረሻ ቀኑ ይበላሻል።

ሹፌሩ ሸሚዙን የሚያይ መስሎ ይጠጋታል።

"ቀና እንዳትዪ" ይላታል በሹክሹክታ።

"ቢጠፋብህስ?"

"ይጥፋ።"

"ይህን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠህ?"

"እባክሽ። አንዴ እንኳ ብቻዬን ልሞክረው።"

ትናደድበታለች። በዚያው ልክ አንጀቷን ይበላታል። የትኛው እንደሚበልጥ ሳትለይ "አክሽን!" ይባላል።

ብርጭቆው ሲቀመጥ ትሰማለች። ወንበሩ ይንሸራተታል፣ ጫማው ይሄዳል፣ በሩ ጋ ይቆማል። ዝም። ዓይኑ እሷ ላይ ይሁን አይሁን አሁን አታውቅም። ኮሌታው ላይ አቀርቅራ፣ ማንም በማያየው ከንፈሯ ቃሉን ትለዋለች። ዝምታው ይረዝማል። አንገቷ እምቢ ሊላት ይደርሳል፤ ትይዘዋለች።

በሩ ይከፈታል። ይዘጋል።

"ካት!" ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ዘሎ ይነሳል። "ይሄ ነው! ቃሉን ትቶ መውጣት! ጋሼ፣ እንዴት አሰቡት በናትዎ?"

ከጣውላው ግድግዳ ጀርባ ጭብጨባው ይቀልጣል፤ ሠራተኛው ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ሲጠብቀው ኖሯል። ሹፌሩ ሲስቅ ይሰማታል።

ረሳው ወይስ ተወው? ብትጠይቀው "ተውኩት" ይላት ይሆናል። እውነቱን መሆኑን ግን በምን ታውቃለች? ምናልባት እሱም አያውቀው ይሆናል። ሄዳ ልታቅፈው ይገባል፤ ግን ካውያውን እንደያዘች ትቆማለች።

ቀና ትላለች። በሩ ዝግ ነው። ከንፈሯ ግን ገና ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል፦ ማታ እንዳትጠብቂኝ፣ እራትሽን ብዪ።