በሩን ክፈት ጓዱ

«ወላሂ፣ እኔ ዘፈን አላውቅም ጌታው» አለች ሐረግ፣ ያሰጣችውን ጌሾ እያገላበጠች።

«ጓድ ይበሉኝ» አለ እንግዳው ፈገግ ብሎ። «ጌታማ ወረደ።» ሳይጋበዝ መደቡ ላይ ተቀመጠና ቴፑን ጭኑ ላይ አደላደለ። ስሙ ያለው እንደሚባል፣ ከደሴ የመጣውም የሕዝቡን የትግል ዘፈን ሊቀዳ እንደሆነ ነግሯታል። ሐረግ ጫማውን እያየች ነበር። በዚያ አቧራ መንገድ መካነ ሰላም የገባ ሰው ጫማው እንዲህ አይወለወልም።

«ያን ዘፈን ያወጡት እርስዎ ነዎት ይባላል፣ እትዬ ሐረግ።»

«ማነው ያለ?»

«አገሩ ሁሉ።»

አገሩ አልዋሸም። በስልሳ አምስቱ ረሃብ ከባለርስቱ ደጅ እህል ከሚለምኑ ሴቶች ጋር ቆማ ሳለ፣ ያዘለቻት ታናሽ ልጇ ጀርባዋ ላይ ቀዘቀዘችባት። ያኔ ነው ከአፏ የወጣው፦

እህሉን በጎተራ ነቀዝ ከሚበላው፣
በሩን ክፈት ጌታው፣ ሰውን ረሃብ በላው።

በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ። ካድሬዎቹ ራሳቸው በሰልፍ አዘፈኗት፤ አጨበጨቡላትም። ዘንድሮ ደግሞ ተማሪዎቹ «ጌታው» የሚለውን አንስተው «ጓዱ» አሉበት፤ በሩም የጎተራ መሆኑ ቀርቶ የእስር ቤት ሆነ። ትልቋ ልጇ ንግሥቴ ከተማሪዎቹ ጋር ተይዛ ከተወሰደች ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ሐረግ ስንቅ ይዛ በሄደች ቁጥር «እዚህ የለችም» ብለው ይመልሷታል።

«እኔ የማውቀው እንጉርጉሮ ነው» አለች። «እሱንም ትቼዋለሁ።»

«እንግዲያው እርስዎ ያድምጡ።»

ቴፑን ተጫነው። መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ከዚያ በግድግዳ የታፈነ የልጆች ድምፅ ተሰማ። አንዲት ልጅ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። በሩን ክፈት ጓዱ።

የምታወጣው ንግሥቴ ናት። ድምጿ ጎርንኗል፤ ግን ናት።

«የተቀዳው ትናንት ነው» አለ እንግዳው ቀስ ብሎ። ዓይኑን ከፊቷ አላነሳም። «የሚያውቁት ድምፅ አለ?»

ሊያወጣጣት ነው? ወይስ ሊያበስራት? ፊቱ ላይ ብትፈልግ ምንም አላገኘችም። አለ ካለች፣ ያስተማረቻት እናቷ ናት ብለው ሁለቱንም ይበሏቸዋል። የለም ካለች ልጇን በአፏ መካድ ሊሆን ነው።

«አላውቃቸውም» አለች። «ጆሮዬም ደክሟል። እስቲ ደግመው ያሰሙኝ።»

እንግዳው አየት አደረጋትና ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰው። ሐረግ ጌሾውን ትታ ተጠጋች፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። የልጅቱ ድምፅ ዳግም ሲነሳ፣ ከጨርቁ ሥር የሐረግ ከንፈር ያለ ድምፅ ይቀበላት ጀመር።